አጎቴ የሰው ልብ ያነባል

አጎቴ ምንተስኖት የሰው ልብ ማንበብ ተምሮ ከዩኒቨርሲቲ መጣ ብዬ ለመላው ሦስተኛ ክፍል ያወጅኩት እኔ ነኝ። ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ዕድሜዬ ዘጠኝ ነበር። ዛሬ ሃያ ስምንት ሞልቶኛል፤ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። በዘጠኝ ዓመቴ ያልገባኝን ነገር ዛሬ በሦስት የተለያየ ስም ልጠራው እችላለሁ ማለት ነው።

ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ወደ መሐል ሜዳ ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጋሼ ምንተስኖት ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲወርድ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዞ ነበር። ከከተማ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለልጆች ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ምንም አልያዘም። ሊቅ መሆኑን መጀመሪያ የተረዳሁት በዚህ ነው፤ ሊቅ ዳቦ አያስብም።

እናቴ ጥሩሸዋ ታላቅ እኅቱ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አገላብጣ ከሳመችው በኋላ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ዕረፍት ነው?" አለችው።

"ዕረፍት ነው" አለ።

"በጥር?" አለ አባቴ ዳኜ፣ ከኋላ ሆኖ።

እናቴ አፈጠጠችበት። አባቴ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለሆነ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ቀንቷል።

ጋሼ ምንተስኖት ጓዳ ገብቶ መደቡ ላይ ባናውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሦስት ሳምንት ተኛ። ምግብ ሲቀርብለት "ቆይ፣ እበላለሁ" ይላል፤ ማታ ያ ምግብ ለውሻችን ይደርሳል። ውሻችን እንደዚያ የካቲት ወፍሮ አያውቅም። ትልልቆቹ "ጭንቅ ያዘው"፣ "ዐይን ነው"፣ "ጠበል ይወሰድ" እያሉ ይንሾካሾካሉ። ጠበልም ተወሰደ፤ ሰባት ቀን ተጠመቀ፤ ተመልሶ መጥቶ ተኛ። እኔ ግን የሚያደርገው ገብቶኝ ነበር፤ እያሰበ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያስበው ፈተና ሲደርስ ብቻ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ሦስት ሳምንት ሳያቋርጥ ማሰብ መቻል አለበት። አንድ ቀን ሽንት ቤት ሲወጣ ጠብቄ እኔም በቦታው ተኝቼ ግድግዳውን አየሁት። ጭቃ ነው። መሐሉ ላይ የጭድ ስባሪ አለ። ምኑን ሲያነብ እንደከረመ አልገባኝም፤ ለእኔ ደረጃ ገና ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሌባ ተፈራ። እናቴ አንድ ጧት ጎረቤታችንን አባባ ትዕዛዙን ጠርታ የጭነት ገመዱን፣ የአባቴን ምላጭና ለበጎቹ የተገዛውን መድኃኒት በጆንያ ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

"እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልን፤ ማንም ቢጠይቅ እንዳይሰጡ" አለቻቸው።

"ዐይናችሁን ከሱ እንዳታነሡ" አሉ አባባ ትዕዛዙ።

"ከሱ" ያሉት ጆንያውን መሰለኝ። ገመድና ምላጭ የሚሰርቅ ሌባ ገብቷል ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኩ፤ ሁለቱ ቤታቸው ሄደው ገመድ ደበቁ።

አባቴም ከእናቴ ጎን መተኛቱን ትቶ፣ ባናውን ይዞ በሩ ሥር ከደፉ ጋር ተጋድሞ ማደር ጀመረ። ስለ ጋሼ ምንተስኖት ክፉ በመናገሩ እናቴ ከመኝታዋ አባረረችው፤ ደግ አደረገች ብዬ ፈረድኩ። ከቤት መውጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ አባቴን መሻገር ነበረበት። ይህችን ለመረዳት ሁለት ዲግሪ ፈጅቶብኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትማረው?"

"ሳይኮሎጂ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የሰው ጠባይ ጥናት። የሰው አእምሮ።"

"የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ታውቃለህ ማለት ነው?"

"ማዕረግ፣ ተይኝ።"

"ታውቃለህ?"

"አዎ፣ አውቃለሁ። አሁን ሂጂ።"

"እኔ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?"

"አልሄድም እያልሽ ነው።"

ደነገጥኩ። ትክክል ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰማ። ማታ ለእናቴም ነገርኳት። ገብስ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

"ለማን ለማን ተናገርሽ?"

"ለሁሉም።"

ጥፊ ጠበቅሁ። እናቴ ግን ጥቂት አሰበችና፣ "ደግ አደረግሽ" አለችኝ። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ከቤት ወደ ቤት ስትዞር አምሽታ ተመለሰች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ደጃችን ቆመች። ዝናው በእኔ አፍ እንደተሰራጨ አልተጠራጠርኩም። ለዓመታት ሞላሌ ውስጥ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና አገልግሎት ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ እል ነበር።

የመጀመሪያዋ እማሆይ ወለተኪዳን ነበሩ፣ የሰማንያ ዓመት መነኩሲት። እናቴ ለምን ከሁሉ አስቀድማ እሳቸውን እንደላከች ዛሬ ነው የገባኝ፤ መነኩሲት ቆማ ተኝቶ መቀበል ነውር ነው። ጋሼ ምንተስኖት ተነሥቶ ተቀመጠ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማንም ያላደረገውን የእማሆይ ቆብ አደረገው።

"እንቅልፍ አጣሁ ልጄ" አሉ እማሆይ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

እማሆይ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጁም ነበር። "ከሑዳዴ ጀምሮ።"

"ሑዳዴ ገና አልገባም እኮ።"

"ያምናው" አሉ እማሆይ።

ጋሼ ምንተስኖት ከቦርሳው አንድ ፎቶ ኮፒ የሆነ፣ ጫፉ የተጨማደደ ሞጁል አወጣ። መግቢያው ላይ ሳይኮሎጂ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ያለው ጥቅም በአምስት ነጥብ ተዘርዝሯል፤ ራስን ለማወቅ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ ለመኖር፣ እያለ ይቀጥላል። አምስቱን በትጋት አነበበላቸው። እኔም ዛሬ እነዚያኑ አምስት ነጥቦች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በፈተና ላይ እጠይቃለሁ፤ አምስቱን የጻፈ ሙሉ ማርክ ያገኛል። እማሆይ እያንዳንዱ ነጥብ ሲነበብ "እሰይ" ይሉ ነበር። ቀጠለና ስለ ውሻው ነገራቸው።

"አንድ የሩቅ አገር ሊቅ ለውሻ ምግብ ሲሰጥ ደወል ይደውል ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ምግብ ሳይኖር ደወሉን ብቻ ቢያሰማው የውሻው አፍ ምራቅ ሞላ።"

"ጾመኛ ውሻ ነበር?" አሉ እማሆይ።

"አይ፣ እማሆይ፣ ውሻው ለምዶ ነው።"

"እኛም በጾም የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል ሲደወል እንዲሁ ነን እኮ። ይህን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድከው?"

የጋሼ ምንተስኖት የከንፈሩ ጥግ ነቅነቅ አለ። ጥርሱን ያመመው መሰለኝ። ከጓዳው በር ጀርባ የነበረችው እናቴ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀረች፤ እሷን ደግሞ ራሷን ያማት መሰለኝ። ቤቱ በሙሉ በሽተኛ ሆኗል።

"እንግዲህ አልጋም እንደ ደወሉ ነው" አለ እሱ፣ አሁን ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ። "ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ሲጨነቅ ከከረመ፣ አልጋው ራሱ ጭንቀት ያመጣል። ስለዚህ እንቅልፍ እንቢ ካለዎት ከአልጋ ይነሡ።"

"መነሣት ነው መድኃኒቱ?"

"አዎ።"

"አንተ ካልክ እሺ" ብለው እማሆይ ትክ ብለው አዩት። "መነሣት ነው እንግዲህ።"

ከዚያ ወዲያ ባለጉዳዩ በዛ። ልጇ ትምህርት አልገባው ያላት፣ በቅሎው ድልድይ አልሻገር ያለችው፣ የሞተች አክስቱን በሕልሙ እያየ የተቸገረ፣ ሁሉም በየተራው መጣ። ጋሼ ምንተስኖት ለእያንዳንዱ ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሞጁሉን ይገልጣል። ሰው ሲሄድ ተመልሶ ይተኛል። እናቴም በነጋታው ሌላ ሰው ታመጣለች። ለበቅሎዋ ሁለት ቀን አሰበላት። በሞጁሉ ላይ ስለ በቅሎ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ስለ አይጥ ግን ብዙ ነበር።

ያልመጣው አባቴ ብቻ ነው። ሰው ሲመጣ የግቢውን የድንጋይ ካብ ለመጠገን ይወጣል። እናቴ አንድ ጧት፣ "አንተስ አንድ ነገር ብታመጣለት ምን አለ?" ስትለው ሰምቻለሁ።

"እኔ አልዋሽለትም" አለ።

ለምን መዋሸት እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ቢሆንም አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ብልህ ነው አልኩ። የሰው ልብ ለሚያነብ ሰው ውሸት እንደማያዋጣ ገብቶታል።

ነገሩ የተበላሸው በአባባ ትዕዛዙ ምክንያት ነው። አባባ ትዕዛዙ ሲመጡ እኔ እንደ ወትሮዬ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ዝም አሉ። ጋሼ ምንተስኖት፣ "ምን ሆኑ?" አላቸው። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ አንድ ነገር እንደመጣላቸው ሁሉ፣ "ሚስቴ" አሉ።

"እማማ የምሥራች?"

"አዎ። ወጧ ጨው የለውም። ሠላሳ ዓመት ጨው የለውም። ብነግራት አትሰማም። ሰው ፊት ስናገር ደግሞ ታቋርጠኛለች። ተረት ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም።"

አባባ ትዕዛዙ አንዴ ከጀመሩ ማቆም አቃታቸው። ጋሼ ምንተስኖት በእስክርቢቶ እየጻፈ፣ "ታዲያ የሚሰማዎትን በግልጽ ነግረዋቸው ያውቃሉ?" አላቸው። አባባ ትዕዛዙ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው እንደማያውቅ ሰው ተገርመው አዩት።

እኔም ልረዳቸው አሰብኩ። በማግሥቱ አባባ ትዕዛዙ የሚሰማቸውን ለእማማ የምሥራች በግልጽ ነገርኩላቸው፤ ከጨው እስከ ተረት፣ አንድም ሳላስቀር። የባለጉዳይ ምስጢር ስለመጠበቅ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በአባባ ትዕዛዙ ቤት ጠብ ገባ። ከካባችን ማዶ ድምፁ ይሰማል።

"ወገቤን አመመኝ በል ብዬ ነበር የላክሁህ" ይላሉ እማማ የምሥራች። "ጨው ከየት መጣ?"

"አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።"

"ልብህ ውስጥ ባይኖር አፍህ ላይ ከየት ይመጣል?"

አባባ ትዕዛዙ ወገባቸውንም ያማቸው ኖሯል ብዬ አዘንኩላቸው።

ጠቡ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እናቴ ቤቱን ለአባባ ትዕዛዙ አደራ ብላ ገበያ፣ አባቴም ማሳ ሄደው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ምንተስኖት ያለ ባለጉዳይ ተነሥቶ አገኘሁት። ፊቱን ታጥቧል፤ ባናውን አጣጥፎ ከራስጌ አስቀምጧል፤ ሸሚዙን ቀይሯል። ረጋ ብሎ፣ አልፎ ተርፎም ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ። "ነይ" አለና የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ እጄ ላይ አሰረልኝ። ማሰሪያው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ገብቶም ክንዴ ላይ ይንሸራተት ነበር።

"ለኔ ነው? ለሁልጊዜው?"

"ለሁልጊዜው።"

አጎቴ ዳነ ብዬ በደስታ ዘለልኩ። ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ በስላይድ አሳያቸዋለሁ፤ ሰው በድንገት ሲረጋጋና የሚወደውን ዕቃ ሲሰጥ የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ነው። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል።

"ማዕረግ" አለኝ፣ "የጭነቱ ገመድ የት ነው ያለው? አንድ ነገር ልሠራ ነው።"

ሌባውን ፈርተን የት እንደደበቅነው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "አባባ ትዕዛዙ ቤት ነው፤ ላምጣልህ?"

ፊቱን ከእኔ መለሰ። "አምጪልኝ" አለ።

ሮጥኩ። ሰዓቱ እስከ ክርኔ እየወጣ እየወረደ ሮጥኩ። አባባ ትዕዛዙና እማማ የምሥራች ደጃፋቸው ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው ተቀምጠዋል፤ እየተኳረፉ ነው።

"ገመዱን ስጡኝ፤ ጋሼ ምንተስኖት ፈልጎታል።"

ሁለቱም ዞሩ። እማማ የምሥራች ዐይናቸው ክንዴ ላይ ወደቀ። "ሰዓቱን ማን ሰጠሽ?"

"እሱ። ለሁልጊዜው።"

አባባ ትዕዛዙ ተነሡ። ሰው ሽማግሌ ሲሮጥ አይቶ አያውቅም፤ እኔ አይቻለሁ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቆ ካቡ ላይ ቀረ፤ ካቡን አልዞሩትም፤ ዘለው ተሻገሩት። እማማ የምሥራችም ጫማ ሳያደርጉ ተከተሉ። እኔ ጆንያው አጠገብ ብቻዬን ቀረሁና ተናደድኩ፤ ገመዱን እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ባዶ እጃቸውን ምን ሊያደርጉ ይሮጣሉ?

ስደርስ ሦስቱም ጓዳ ውስጥ ነበሩ። ጋሼ ምንተስኖት መደቡ ላይ ተቀምጧል። አባባ ትዕዛዙ በሩ ላይ ቆመው ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አቅቷቸዋል። የተናገሩት እማማ የምሥራች ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣

"ና ዳኘን" አሉት። "ይህን ሁሉ ያመጣኸው አንተ ነህ። ሠላሳ ዓመት ጨው የለውም ብሎኛል። እውነት ነው ውሸት?"

ጋሼ ምንተስኖት አላያቸውም። "እማማ የምሥራች፣ እባክዎ ተዉኝ። ሁላችሁም ተዉኝ። እንደምትዋሹልኝ አውቃለሁ።"

"ሌላው ይዋሽ። ይኸኛው አልዋሸም" አሉና እንባቸው መጣ። የእማማ የምሥራችን እንባ አይቼ አላውቅም ነበር። "እንድትዝናና ብዬ ብልከው የልቡን ነው የነገረህ። እኔ አሁን ሽሮ ላይ ጨው ስጨምር ሦስት ጊዜ እቀምሳለሁ። ዝም ብለህ የት ትሄዳለህ? ይህን ጠብ ማን ሊፈታው ነው?"

ከዚያ ጋሼ ምንተስኖት በጣም በዝግታ አባባ ትዕዛዙን፣ "ይቀመጡ" አላቸው።

እናቴ ከገበያ እስክትመለስ ተጨቃጨቁ። ስለ ጨው፣ ስለ ተረቱ፣ ስለ አንድ ከሞተ ሃያ ዓመት ስላለፈው ወይፈን፣ በመጨረሻም ሕፃን ሆኖ ስለሞተባቸውና በስሙ ጠርተውት ስለማያውቁት ልጅ። ሞጁሉ አልተገለጠም። ጋሼ ምንተስኖት፣ "እሳቸው ይጨርሱ" ማለት ብቻ ነበር ሥራው። እኔ ደግሞ ገመዱ ለምን እንዳልመጣ የሚጠይቅ በማጣቴ አኩርፌ ውጭ ተቀምጫለሁ። እናቴ ስትደርስ እማማ የምሥራች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። የገበያ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ፤ ሽንኩርቱ ሁሉ ተበተነ። ለሽንኩርት ይህን ያህል የሚደነግጥ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አባቴ ጋሼ ምንተስኖትን፣ "ና፣ ፀሐይ እንሙቅ" ብሎ ይዞት ወጣ። ካቡ ሥር ተቀመጡ። አባቴ በመጨረሻ ችግሩን ሊያመጣ ነው ብዬ ከካቡ ማዶ ተኛሁ። እውነቱን ልናገር፣ አባቴ አሳፈረኝ። እስከዚያ ቀን ከሰማኋቸው ባለጉዳዮች ሁሉ የእሱን ያህል ወግ የሌለው አልነበረም። ሌሎቹ ችግራቸው መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፤ የአባቴ እየተቆረጠ ነው።

"ብሔራዊ ውትድርና ሄጄ ነበር፤ ታውቃለህ" አለ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ ዳኜ።"

"ከጌሼ አንድ ልጅ ነበር። የራቤል ከተማ ልጅ። አትናቴዎስ ይባላል።" ጠጠር አነሣ፤ ጣለ። "ስናፈገፍግ ተመታ። ሆዱን። ውኃ ስጠኝ አለኝ።"

አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

"ኮዳዬ ውስጥ ውኃ ነበረኝ" አለ።

ይኸው ነው። ካቡ ኋላ ሆኜ ቀሪውን ጠበቅሁ፤ ሌላ ነገር አልመጣም። ውኃ ከነበረው ችግሩ ምንድን ነው? ውኃ ያልነበረው ሰው ቢመጣ ይገባኛል።

"ከዚያስ?" አለ ጋሼ ምንተስኖት።

"ከዚያማ በሰማንያ ሦስት መጣሁ። ተኛሁ። አንተ በተኛህበት መደብ፤ ያን ግድግዳ አውቀዋለሁ። እናቴ ነበረች ያኔ፤ በሩ ሥር ትተኛ ነበር።"

"እንዴት ዳኑ?"

"አልዳንኩም" አለ አባቴ። "በልግ ጣለ። በሬው የሚጠምደው አጣ፤ እናቴ ራሷ ሞፈር ልትጨብጥ ወጣች። እሷን አይቼ ተነሣሁ። መነሣት ሌላ ነው፤ መዳን ሌላ ነው። ዛሬም አንዳንድ ቀን ውኃ ስጠጣ…" አልጨረሰውም።

ጋሼ ምንተስኖት ምክር አልሰጠውም። አምስቱን ነጥብ አልጠቀሰለትም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ፤ ከዚያ የአጎቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አባቴም እጁን ጀርባው ላይ አደረገ። አባቴ በችግሩ ክፋት ሊቁን አስለቀሰው አልኩ። በዚያ ቀን ደብተሬ ላይ ለባለጉዳዮቹ ሁሉ ከዐሥር ማርክ ሰጠሁ፤ እማሆይ ዘጠኝ፣ በቅሎዋ ስምንት፣ አባቴ ሁለት።

በዚያው ሳምንት ጓሳ ተከፍቷል ተባለ፤ ለዓመታት ተጠብቆ የቆየውን ሣር ማጨድ ተፈቀደ። አባቴ አህዮቹን አወጣ። አባባ ትዕዛዙ ቤት ሄዶ ገመዱን አምጥቶ፣ እናቴ እያየች፣ ጋሼ ምንተስኖት እጅ ላይ አኖረው።

"ነዶውን አንተ ነህ የምታስረው" አለው።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። ሁለቱ ሰዎች አህዮቹን ነድተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሣር ጭነው መጡ፤ የአጎቴ መዳፍ በሣሩ ተቆራርጦ፣ ፊቱ በብርድ ጠቁሮ ነበር። ሁለት ትልልቅ ቁራሽ ዳቦ በላ። ቀጥሎ ያደረገውን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም፤ ወደ እኔ መጥቶ፣ "ማዕረግ፣ ሰዓቴን መልሺልኝ" አለኝ። "ለሁልጊዜው ብለሃል" ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ክንዴን ይዛ ሰዓቱን ፈታች። እየፈታች "ተመስገን፣ ተመስገን" ትላለች። የልጅ ሰዓት ቀምቶ እግዚአብሔርን ማመስገን ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው?

ዳነ ብዬ አልደመድመውም፤ ከዚያም በኋላ የተኛባቸው ቀኖች ነበሩ። ኋላ ደብረ ብርሃን ሐኪም አየው፤ መድኃኒት ወሰደ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተመለሰም። ዛሬ መሐል ሜዳ ላይ ጎማ ይለጥፋል፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ጎማቸው ያልተነፈሰ ሰዎችም እየመጡ በርጩማው ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ስለ ባለጉዳዮቹ ጠይቄው ነበር።

"እማሆይ እንቅልፍ አጥተው አያውቁም" አለኝ። "ሲያንኮራፉ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"በሰማንያ ዓመታቸው ያን ዳገት ወጥተው ሊዋሹልኝ መጥተው፣ ውሸት ነው ልበላቸው?" አለና ወደ ጎማው ዞረ።

እኔ ጎማ አልለጥፍም፤ የተማርኩ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ ከውትድርና በተመለሱ ሰዎች ላይ ጥናት ስሠራ መጠይቄን፣ የስምምነት ቅጼንና ስልኬን ይዤ ሞላሌ ሄድኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ስልኩን እንዲቀዳ አድርጌ አጠገቡ አስቀመጥኩት።

"ከውትድርና ስትመለስ ምን ተሰማህ?" አልኩት፣ ከቅጹ ላይ እያነበብኩ።

"ራበኝ።"

"ሌላስ? የሚረብሽህ ትዝታ ነበረ?"

"ብርድ ነበር" አለ።

ከዐሥራ ስምንቱ ጥያቄ ዐሥራ ስድስቱ ላይ "የለም" አለ። ቅጹን ዘጋሁና ከመጠይቁ ውጭ ወጣሁ። "አባዬ፣ ለጋሼ ምንተስኖት ግን ነግረኸዋል።"

አየኝ። ከዚያ ወደ ካቡ አየ። ከካቡ ማዶ ያለውን ቦታ በዐይኑ ለካው፤ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ልትተኛበት የምትችለውን ያህል።

"እሱ ታሞ ነበር" አለ። "አንቺ ምን ሆነሻል?"

"ምንም" አልኩ።

"እንግዲያማ ጥሩ ነው" ብሎ ወንበሩን ፀሐዩ ወደ ሄደበት አዞረ።

ስልኩን አጠፋሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ ሠላሳ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ "ተሳታፊ ቁጥር ዐሥራ አንድ ለመናገር ፈቃደኛ አልሆነም" ብዬ አስፍሬያለሁ። ፈታኞቹ ስለ ናሙና አመራረጤ ብዙ ጠየቁኝ፤ በዚያ ገጽ ላይ ግን ጥያቄ አልነበራቸውም።